የማንፈልገው ሥራ ሲጠራን



የዛሬው ጉዳያችን ላይ ላዩን ሲያዩት ትንሽ ነው። ስልክ ይደወላል። «ባመለከቱበት የሥራ መደብ ሐሙስ ጠዋት 3 ሰዓት ለቃለ መጠይቅ እንዲቀርቡ፤ ዋናውን የትምህርት ማስረጃ እንዳይረሱ» ይባላል። የተደወለለት ሰው «እሺ፣ አመሰግናለሁ» ብሎ ይዘጋል። ጭንቀቱ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ ሥራውን አይፈልገውማ! ያመለከተው ከወራት በፊት ጨንቆት ነው፤ ወይም አጎቱ ማስታወቂያውን ቆርጦ አምጥቶለት ነው፤ ወይም በአንድ ቀን አሥር ቦታ ሲያስገባ አብሮ የገባ ነው። አሁን ይሂድ ወይስ ይቅር?

ቤት ውስጥ ምክሩ ወዲያው ይጀመራል። እናት «ሂድ እንጂ ልጄ፣ እንጀራ ይናቃል እንዴ?» ትላለች። ጓደኛ ደግሞ «ተወው ባክህ፣ እዚያ ገብተህ ልትበሰብስ ነው?» ይላል። ሁለቱም ከፍቅር ይናገራሉ፤ ሁለቱም ግን ያልተጠየቁትን ይመልሳሉ። እነሱ የሚያወሩት ሥራውን ስለመቀበልና አለመቀበል ነው፤ ልጁ የሚጨነቀው ሐሙስ ጠዋት ከቤት ይውጣ አይውጣ በሚለው ነው። እነዚህን ሁለት ውሳኔዎች ማቀላቀል ብዙ ወጣት ሲጎዳ አይቻለሁ። አንዱ ሊጠቅመው የሚችለውን ሥራ ሳይሰማው ይተዋል፤ ሌላው ቃለ መጠይቁን ስላለፈ ብቻ የማይፈልገው ሥራ ውስጥ ራሱን ያገኘዋል።

እኔ የማምነው ይህን ነው፦ ገና ያልሰማችሁት፣ ቢነገራችሁ ግን ሐሳባችሁን ሊያስቀይር የሚችል ነገር ካለ ሂዱ። እንዲህ ያለ ነገር ከሌለ አትሂዱ፤ አለመሄዳችሁንም አስቀድማችሁ ደውላችሁ ተናገሩ።

እስቲ «አልፈልገውም» የምንለውን ሥራ ምን ያህል እንደምናውቀው እንመርምር። የሥራ ማስታወቂያዎቻችንን አስቡ፤ በጋዜጣ የወጣውም፣ ሰሌዳ ላይ የተለጠፈውም፣ በቴሌግራም ቻናል የሚመጣውም ያው ነው። የመደቡ መጠሪያ፣ የትምህርት ደረጃ፣ የሥራ ልምድ፣ ተፈላጊ ብዛት ይዘረዘራል። ደመወዝ ላይ ሲደርስ «በስምምነት» ወይም «በድርጅቱ ስኬል መሠረት» ይላል። የሥራ ቦታ ላይ ሲደርስ «ድርጅቱ በሚመድበው» ይላል። «የሽያጭ ሠራተኛ» የሚለው መጠሪያ አንዱ ቤት ሱቅ ውስጥ ቆሞ መሸጥ ነው፤ ሌላው ቤት ናሙና ተሸክሞ ከሱቅ ሱቅ መዞር ነው፤ ሦስተኛው ቤት ቢሮ ተቀምጦ የጨረታ ሰነድ ማዘጋጀት ነው። እንግዲህ «ሽያጭ አልወድም» ብላ የምትቀር ልጅ የትኛውን ነው የማትወደው? እሷም አታውቀውም፤ ማስታወቂያው አልነገራትም።

ይህ ግምት ከእውነታው ምን ያህል ሊርቅ እንደሚችል እዚሁ አዲስ አበባ ውስጥ በተግባር ታይቷል። ግሩም አበበ፣ ስቴፋኖ ካሪያ፣ ማርሴል ፋፍሻምፕና ሌሎች ተመራማሪዎች ሆነው ጆብ ፌር የሚባለውን የሥራ ዐውደ ርእይ አዘጋጅተው፣ የተማሩ ወጣት ሥራ ፈላጊዎችንና ቀጣሪ ድርጅቶችን ፊት ለፊት አገናኙ። የተገኘው ቅጥር እጅግ ጥቂት ነበር፤ ከተሳተፉት 10 ድርጅቶች አንድ ሰው የተቀጠረ ያህል ነው። ምክንያቱን ሲፈትሹ ወጣቶቹ የሚጠብቁት ደመወዝና ድርጅቶቹ የሚከፍሉት አልተገናኘም፤ ድርጅቶቹም ስለ ሥራ ፈላጊው የነበራቸው ግምት የተሳሳተ ነበር። ከዚህ ጥናት እኔን የሚገርመኝ ግን የኋላው ነው። ከተገናኙ በኋላ ሁለቱም ወገኖች ግምታቸውን አስተካከሉ፤ ወጣቱም ቀጣሪውም በመደበኛው መንገድ የሚያደርጉትን ፍለጋ አጠናከሩ። ሥራ ባይገኝበትም፣ ከቀጣሪ ጋር ፊት ለፊት የተደረገ ንግግር ሰዎቹን አስተምሯቸዋል ማለት ነው። «አልፈልገውም» ያላችሁት በግምት ብቻ ከሆነ መሄድ ይጠቅማል የምለው ለዚህ ነው።

ታዲያ የተጠራችሁበት ሁሉ ሂዱ እያልኩ አይደለም። መሄድ በነፃ አይደለም። ከከተማው ዳር የሚመጣ ሰው ሁለትና ሦስት ታክሲ ይቀያይራል፤ ማስረጃውን ፎቶ ኮፒ ያስነሣል፤ ኮት ይዋሳል፤ የቀን ሥራ የሚሠራ ከሆነ የቀኑን ገቢ ያጣል። ይህን ወጪ ቀላል አድርገው የሚያዩ ቀጣሪዎች ብዙ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ሌላ የኢትዮጵያ ጥናት እንዳሳየው፣ አንድ ቀጣሪ ለማመልከት ለሚመጣ ሰው ጥቂት ገንዘብ ሲከፍል የበለጠ ችሎታ ያላቸው አመልካቾች መጡለት። የማመልከት ወጪው ጎበዞቹን ጭምር ቤት ያስቀር ነበር ማለት ነው። ስለዚህ «መሄድ ምን ይጎዳል?» የሚል ምክር የሚሰጠው ብዙ ጊዜ የታክሲውን የማይከፍል ሰው ነው።

ያልሰማችሁትን ከፊሉን ደግሞ ከቤት ሳትወጡ መስማት ትችላላችሁ። ስልኩ ሲደወል «ይቅርታ፣ የሥራ ቦታው የት ነው? ደመወዙስ ከስንት እስከ ስንት ነው?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለበትም። ወጣቶቻችን ግን ይህን ይፈሩታል፤ የጠየቀ ሰው የሚሰረዝ ይመስላቸዋል። በቅጥር ኮሚቴ ውስጥ በቆየሁባቸው ዓመታት በትሕትና ጠየቀ ተብሎ ከዝርዝር የወጣ ሰው አላየሁም። «ሲመጡ ይነገርዎታል» ከተባላችሁ ደግሞ ገና ያልሰማችሁት ነገር እንዳለ አወቃችሁ።

ደመወዝን በተመለከተ ከመሄዳችሁ በፊት መሥራት ያለባችሁ የቤት ሥራ አለ። የኢኮኖሚ ሊቁ ጆን ማኮል እ.ኤ.አ. በ1970 ሥራ ፍለጋን የሚያስረዳ ጽሑፍ አሳትሞ ነበር። ሐሳቡ በአጭሩ እንዲህ ነው፦ ሥራ ፈላጊ «ከዚህ በታች አልቀበልም» የሚለው ወለል ይኑረው፤ ወለሉን የሚወስነው ደግሞ ወደፊት ሊመጣለት የሚችለው ሥራና መጠበቅ የሚያስከፍለው ዋጋ ነው። ከአንድ የትምህርት ክፍል በአንድ ቀን የተመረቁ ሁለት ልጆችን አስቡ። አንደኛዋ ከወላጆቿ ጋር ትኖራለች፤ ቁርሷም እራቷም አለ። ሁለተኛው ክፍለ ሀገር ላለች እናቱ በየወሩ ትንሽ ብር ይልካል፤ የቤት ኪራዩም ወር ሲሞላ ቀን አይሰጥም። ለሁለቱም ያው ስልክ ቢደወል የእሷ መቅረት ትክክል ሊሆን ይችላል፤ የእሱም መሄድ ትክክል ሊሆን ይችላል። አገራችን ሥራ ላጣ ሰው አበል የሚከፍል መድን የላትም፤ የመጠበቁን ዋጋ የሚሸከመው ቤተሰብ ነው፣ ቤተሰብ ከሌለም ራሱ ሰውየው ነው። ስለዚህ የጓደኛችሁን ውሳኔ አትቅዱ። ኪራዩን፣ ታክሲውን፣ ምግቡን፣ የምትልኩትን ደምሩና ወለላችሁን ወረቀት ላይ ጻፉት። ይህን ያልሠራ ሰው «ስንት ትጠብቃለህ?» ሲባል አፉ ላይ የመጣለትን ይናገራል፤ የተናገረውም ለዓመታት ያስረዋል።

አሁን ከባዱ ላይ ደረስን። «ሥራውን አልወደውም፤ ግን ለጊዜው ልግባበት» የምንለውስ? ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፋን ዴርኮን እ.ኤ.አ. በ2018 ያሳተሙት ጥናት በኢትዮጵያ በሚገኙ 5 ድርጅቶች ለፋብሪካና ለመሰል ሥራ ያመለከቱ ሰዎችን ተከታትሏል። በዕጣ ሥራውን ያገኙት አብዛኞቹ ብዙ ሳይቆዩ ለቀቁ። ገቢያቸው ካልገቡት ሰዎች ብዙም አልተሻለም፤ ከባድ የጤና ችግር የመግጠሙ ዕድል ደግሞ በሥራው ላይ በቆዩበት በእያንዳንዱ ወር በአንድ መቶኛ ነጥብ ያህል ይጨምር ነበር። ሰዎቹ ተታልለው አልገቡም፤ አደጋውን ያውቁ ነበር፤ የገቡት የተሻለ እስኪያገኙ ነው። እነዚህን ሰዎች የሚነቅፍ ሰው ካለ እኔ አልስማማም። ክፉ ቀን እስኪያልፍ መጠለያ መፈለግ ብልህነት ነው። ነገር ግን «ለጊዜው» ብሎ ለመግባት ያሰበ ሰው ቃለ መጠይቁ ላይ ቀርቦ ሁለት ነገር ሳያጣራ መውጣት የለበትም፦ ሥራው ሰውነቴን ምን ያደርገዋል? ስወጣስ በሩ ክፍት ነው?

ስለ በሩ ሕጉ የሚለውን ልንገራችሁ፤ ብዙ ሰው ስለማያውቀው ይፈራል። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት መብለጥ አይችልም፤ በቀድሞው አዋጅ ቁጥር 377/1996 45 ተከታታይ ቀናት ነበር። በሙከራ ጊዜ ሠራተኛው ያለ ማስጠንቀቂያ ሥራውን መልቀቅ ይችላል። ከዚያ በኋላ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ መስጠት ይኖርበታል። ስለዚህ ገብቶ መውጣት እንደሚፈራው የዕድሜ ልክ እስራት አይደለም። በሩን የሚያጠብቡት ሌሎች ወረቀቶች ናቸው። አንደኛው ከሥልጠና በኋላ ይህን ያህል ዓመት አገለግላለሁ፣ ካልሆነ ይህን ያህል ብር እከፍላለሁ የሚለው የግዴታ ውል ነው። ሁለተኛው ዋስ ነው፤ ገንዘብ ወይም ንብረት የሚያስይዝ መደብ ላይ ዋስ የሚሆናችሁ ዘመድ በራሱ ደመወዝ ነው የሚፈርመው። ሥራውን በልባችሁ ሳትቀበሉት ሌላ ሰው በእናንተ ምክንያት እንዲፈርም አታድርጉ። «ግዴታ አለው? ዋስ ይጠይቃል?» የሚሉትን እዚያው ኮሚቴው ፊት ጠይቁ።

ጨርሶ መሄድ የማያስፈልግበትም አለ፤ በአጭሩ ልለፈው። ሥራው ከሃይማኖታችሁ ወይም ከኅሊናችሁ ጋር የሚጋጭ ከሆነ፣ ሐኪም የከለከላችሁን የሚያሠራ ከሆነ፣ ምንም ደመወዝ ቢጨመር የማትሄዱበት ቦታ ከሆነ፣ ቃለ መጠይቁ የሚጨምርላችሁ እውቀት የለም። አድራሻው የማይታወቅ ቤት ውስጥ ከሥራ ሰዓት ውጭ ብቻችሁን ኑ ከተባላችሁ አትሂዱ። ለመመዝገቢያ ወይም ለቃለ መጠይቅ ብር አምጡ ከተባላችሁም አትሂዱ። ወደ ዐረብ አገር በሚደረግ ቅጥር የቪዛንና የደርሶ መልስ ትኬትን ወጪ አሠሪው እንዲሸፍን የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ይደነግጋል፤ ይህን ከእህታችሁ ኪስ የሚጠይቅ ሰው ቢሮው ምንም ቢያምር አትመኑት።

ላለመሄድ የወሰነ ሰው ሥራው አላለቀም። ከዛሬው ንግግሬ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ይህኛውን ያዙልኝ። ኮሚቴ ውስጥ ተቀምጬ ያየሁትን ላሳያችሁ። ለአንድ መደብ በጽሑፍ ፈተና ከፍ ያለ ነጥብ ያመጡ 5 ሰዎች ተጠርተዋል። ሦስት ሆነን ተቀምጠናል፤ የነጥብ መስጫው ቅጽ ተባዝቶ ፊታችን ላይ ነው። የመጀመሪያው ገብቶ ወጣ። የሁለተኛዋ ስም ተጠራ፤ ኮሪደሩ ላይ የተነሣ የለም። ጸሐፊዋ ደወለች፤ ይጠራል፣ አይነሣም። «ታክሲ አጥታ ይሆናል፣ ወደ መጨረሻ እናድርጋት» ተባባልን። ሦስተኛው ገባ። የአራተኛው ስልክ ዝግ ነው። አምስተኛው ከወጣ በኋላ እስከ 6 ሰዓት ጠበቅን። ከዚያ ቃለ ጉባኤው ላይ በሁለቱ ስም ትይዩ «አልቀረበም» «አልቀረበችም» ተብሎ ተጻፈ፤ ፈረምን፤ ተዘጋ። በዝርዝሩ 6ኛ የነበረችው ልጅ ከ5ኛው የምታንሰው በግማሽ ነጥብ ነበር። ከሁለቱ አንዱ አንድ ቀን አስቀድሞ ቢደውል ኖሮ እሷ ትጠራ ነበር። ምን እንዳመለጣት እስከ ዛሬ አታውቅም።

የቀሩት ሁለቱ ክፉ ሰዎች አይመስሉኝም። «እምቢ ማለት ይከብዳል፣ ዝም ብል ይሻላል» ብለው ነው። ይሉኝታችን እንዲህ ያደርገናል፤ ፊት ለፊት እምቢ ከማለት ስልክ መዝጋትን እንመርጣለን። ዝምታው ግን የሚጎዳው ድርጅቱን ሳይሆን ኮሪደሩ ላይ መቀመጥ ይገባት የነበረችውን 6ኛዋን ነው። ስለዚህ ደውሉ። ዘመድ ሞተብኝ፣ ታመምኩ ብላችሁ አትዋሹ፤ ምክንያት ማብዛትም አያስፈልግም። «ጤና ይስጥልኝ፤ ለሐሙስ ጠዋት ለቃለ መጠይቅ ተጠርቼ ነበር። በራሴ ምክንያት ስለማልቀርብ ተራውን ለሌላ ሰው እንድትሰጡልኝ ነው፤ ስለጠራችሁኝ አመሰግናለሁ» ማለት ይበቃል። ከሥራው ጋር ያገናኛችሁ ዘመድ ካለ ደግሞ ከድርጅቱ በፊት ለእሱ ንገሩት። «ጋሼ፣ ስለ እኔ መጨነቅዎን አልረሳም፤ ይህኛው ግን ለእኔ አይሆንም፤ በእርስዎ ስም ሄጄ ከማሳፍርዎ አሁኑኑ ልንገርዎ ብዬ ነው» የተባለ አጎት ለጊዜው ቅር ይለው ይሆናል፤ ሳትነግሩት የቀራችሁበት ዘመድ ግን ሁለተኛ አያስታውሳችሁም።

ይህን ካልኩ በኋላ ብዙ ጊዜ የሚነሣ ጥያቄ አለ፦ ለልምምድ ብሎ መሄድስ? እኔ አልደግፈውም። ምንም ቢሰጡኝ አልገባም ብሎ የጨረሰ ሰው ለመለማመድ የሚቀመጥበት ወንበር የሌላ ሰው ነው። ልምምድ ከፈለጋችሁ ታላቅ ወንድማችሁን፣ መምህራችሁን፣ ሥራ የያዘች ጓደኛችሁን ፊት ለፊት አስቀምጡና ጠይቁኝ በሉ። ከመቶ አንድ ዕድል እንኳ «እስቲ ልስማው» የሚል ሐሳብ ካለባችሁ ግን ልምምድ አይባልም፤ በሙሉ መብታችሁ ሂዱ።

ሥራ ላይ ሆናችሁ ሌላ ቦታ የተጠራችሁ ጥንቃቄያችሁ ይጨምር። በሐኪም ወረቀት ሸውዶ መሄድ ቢታወቅ ያላችሁንም ያሳጣል፤ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ይህ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጁ ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀን የዓመት ፈቃድ ይሰጣል፤ ከዚያ ላይ አንድ ቀን ውሰዱ። አንድ የፈቃድ ቀን ለማጥፋት የሚያሳሳችሁ ቃለ መጠይቅ ከሆነ መልሱን ከዚያው አገኛችሁት። ወላጆች፣ ውጭ አገር ያሉ ልጆቻችሁ «ልሂድ ወይስ ልቅር?» ብለው ሲጠይቋችሁ ግን የእኛን ምክር አትስጧቸው። አሜሪካም ሆነ ጀርመን፣ ስዊድንም ሆነ እስራኤል የሥራ አጥ አበል የሚቀበል ሰው ተስማሚ የተባለ ሥራን አልቀበልም ቢል አበሉ ሊቋረጥበት ይችላል፤ ከመቅረታቸው በፊት ጉዳያቸውን የያዘውን ቢሮ ይጠይቁ።

ለመሄድ ከወሰናችሁ በሙሉ ልብ ሂዱ። «ይህን ሥራ ለምን ፈለግሽው?» የሚለው ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም፤ የማይፈልግ ሰው የሚዋሸው እዚህ ላይ ነው። መዋሸት አያስፈልግም። «የተማርኩት ሒሳብ ነው፤ የዚህ መደብ ሥራ ምን ያህሉ ሒሳብ እንደሆነ ከማስታወቂያው አልገባኝም፤ ያንን ለመስማትና እኔም ምን እንደምችል ለማሳየት ነው የመጣሁት» ያለች ልጅ እውነቱን ተናግራለች፤ ኮሚቴውም ያከብራታል። የእናንተ ተራ ሲደርስ ከእኔ በፊት በመደቡ ላይ የነበረው ሰው የት ሄደ ብላችሁ ጠይቁ። አድጎ ከሆነ ይነግሯችኋል፤ በዓመት ሦስት ሰው የለቀቀበት ከሆነ ፊታቸው ይነግራችኋል። እዚያው በቆማችሁበት ፈርሙ ቢሏችሁ «እስከ ነገ ጊዜ ስጡኝ» በሉ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

የመጨረሻው ቃሌ ለእናንተ ለቀጣሪዎች ነው፤ በዚህ አዳራሽ ውስጥ ሠራተኛ የምትቀጥሩ እንዳላችሁ አውቃለሁና። ወጣቱ በግምት የሚቀረውም፣ በግምት መጥቶ የታክሲ ገንዘቡን የሚያጠፋውም፣ እናንተም ባዶ ወንበር ፊት የምትቀመጡት፣ ማስታወቂያው ላይ አንድ መስመር ስለጎደለ ነው። ለቃለ መጠይቅ ስትጠሩ ቢያንስ ሁለት ቀን አስቀድማችሁ ጥሩ። ለሚደውልና «አልመጣም» ለሚል ልጅ አመስግናችሁ ዝጉ፤ ቀጣዩን ሰው በዚያው ሰዓት ጥሩት። ላላለፈውም ሰው አላለፍክም ብላችሁ ንገሩት፤ ስልክ ሲጠብቅ እንዳይከርም። ከሁሉ በፊት ግን በሚቀጥለው ማስታወቂያችሁ ላይ «በስምምነት» የሚለውን አውጡና ደመወዙንና የሥራ ቦታውን ጻፉ።